የወንድማማቾቹ ላፕቶፕ

ልብስ ሰፊዋን የጠየቃት አልነበረም። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ወልዳ ያሳደገቻቸው ሁለት ጎረምሶች ስለ አንድ ላፕቶፕ ሲሟገቱ እሷ ከበር ጥግ እንደቆመ መጥረጊያ ተቆጥራለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ እሱ እውነት ነው። ሁለቱን ያስቆጠረው ግን የእሷ መርፌ ነው፤ ይህን የሚያነሳ የለም።

ልጆቿ እቤት ሆነው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይነድፋሉ። ላፕቶፑ ደክሟል፤ ትልቅ ሥራ ሲከፈትበት እንደ አሮጌ በሬ ተኝቶ ያቃስታል። ደንበኛም መሸሽ ጀምሯል።

«ፕሮሰሰሩን እናስቀይረው» አለ ታላቁ። «በመጀመሪያ ሥራዬ የገዛሁት ዕቃ ነው፤ አልጥለውም።»

«ስንቴ ልንገርህ?» አለ ታናሹ። «የዚህኛው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የመጣው፤ አይነቀልም። አዲስ ላፕቶፕ ነው የሚያዋጣን።»

«ምንድነው እሱ ፕሮ ምናምን የምትሉት?» አለች እናታቸው፣ ካውያዋን ከምትተኩሰው ሱሪ ላይ ሳታነሳ።

«አእምሮው ነው። አንቺ አይገባሽም እማዬ፤ ተይው» አለ ታላቁ።

«አእምሮ ካለውማ ከእናንተ ተሽሏል!»

ታናሹ ከት ብሎ ሳቀ። ጣጣውን ያመጣው ይኸው ሳቅ ነው። ታላቁ በእሱ የተሳቀበት መሰለው፤ ላፕቶፑን ገልብጦ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ይፈታ ጀመር።

«ተው! ሥራችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው!»

«ትናንት ንፍጥህን የጠረግሁልህ ልጅ፣ ዛሬ አዛዥ ሆንክብኝ?»

ታናሹ ላፕቶፑን መነጨቀው። ታላቁ የቻርጀሩን ገመድ ያዘና እንደ ወንጭፍ አሽከርክሮ ሰደደው። የገመዱ ጥቁር ሳጥን የታናሹ ቅንድብ ላይ አረፈ። ቅንድቡ ተተረተረ፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው። እሱም ሳያይ በላፕቶፑ ጠርዝ የወንድሙን መንጋጋ አቀመሰው። የታላቁ ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ታውቀዋለች። የባሏን ቀኝ ዓይን ያፈሰሰው የእናቱ ልጅ ነው፤ የጠባቸው ምክንያት አንድ መጋዝ ነበር። እንደተኳረፉ አፈር ለበሱ። ይኼ ደም ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ? አለች በሆዷ። ዘላ መሃላቸው ገባች። ገፈተሯት። ጀርባዋ ከግድግዳው ጋር ተላተመ፤ ማንን እንደገፋ ዞር ብሎ ያየ የለም።

ታላቁ ወንድሙን ወለሉ ላይ ጥሎ ደረቱ ላይ ተቀመጠ፤ በሁለት እጁ ጉሮሮውን አነቀው። የታናሹ እግሮች ወለሉን ደበደቡ፣ ከዚያ መድከም ጀመሩ። ከንፈሩ ጠቆረ።

«ልቀቀው!»

አልሰማም።

«ልቀቀው አልኩህ፣ አንተ የተረገምክ!»

ካውያውን እንደጋለ አንስታ ትከሻው ላይ አሳረፈችው። ሸሚዙ ጨሰ። ታላቁ እንደሚታረድ ከብት አጓርቶ ተንከባለለ። ታናሹ አየር ሳበ፤ ሳል አጣደፈው፤ ወደ አፉ የወረደውን ደም ተፋ። እናታቸው በዚያው እጇ ካውያውን የላፕቶፑ ፊደላት ላይ ደፋችው፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ እንደ ንፍጥ ተዝረከረከ።

«እንካችሁ! አሁን ተማከሩ፣ ይቀየር ወይስ ይጣል!»

«እማዬ… አቃጠልሽኝ» አለ ታላቁ፣ በአንድ እጁ ትከሻውን ይዞ።

«አዎ፣ አቃጠልኩህ። ዳኛ ቢጠይቀኝም አልክድም። ወንድምህን ከቀበርክ በኋላ ከማለቅስ አሁን አቃጥዬህ ባለቅስ ይሻለኛል። ተነስ! ያን ሸሚዝ አውልቅና ቅንድቡን እሰርለት። ከዚያ ደግፈኸው ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፤ ማን መታው ሲሉህ ወደቀ እንዳትል። በገዛ አፍህ እኔ ነኝ ትላለህ፤ አጠገብህ ቆሜ እሰማለሁ። እስቲ ከዚሁ ጀምር። ንገረኝ፣ ማነው የመታው?»