የታፈነችው ጀልባ

ሽማግሌው አናጺ በእጃቸው ከሠሯቸው ጀልባዎች ሁሉ የቀረቻቸው አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ባለፈው ክረምት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁ ከላይኛው ወለሏ ሁለት ሳንቃ በሉባቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መዶሻው ከምስማሩ ይልቅ አውራ ጣታቸውን ስለሚወድ፣ ሁለቱን ሳንቃ ለመተካት ሦስት ወር ፈጀባቸው። ዘንድሮም ከበሰበሰች መጠገን እንደማይችሉ ያውቁታል፤ ጀልባዋም እሳቸውም ከውሃ መራቃቸው ነው።

ደግነቱ የልጃቸው ሚስት ድንኳን ሰፊ ናት። ወፍራም ሸራ ይዛ መጣችና ጀልባዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ለካች። ሸራው ወለሉ ላይ ከተኛ ውሃ ይቋጥራል ብላ ከፊት በምሰሶው አሳልፋ እስከ ኋላ ገመድ ወጠረች፤ ሸራውንም እንደ ቤት ጣሪያ በገመዱ ላይ አልብሳ ግራና ቀኝ አወረደችው። ፊትና ኋላውን ግን ለነፋስ ክፍት ልትተወው ነበር።

«ዝጊው» አሉ አማቷ።

«አባባ፣ እንጨቱ ይታፈናል እኮ።»

«ልጄ፣ እኔ ከእንጨት ጋር ስኖር አንቺ ገና አልተወለድሽም። ዝጊው።»

ሦስት ቀን ሰፍታ ዘጋችው። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታቸው ጀልባዋን አይቶ፣ ሙሽራዋ መቼ ነው የምትገለጠው ብሎ አሾፈ። እሳቸው ግን ኮሩ።

ሁለት ሳምንት አንዴ ሲዘንብ አንዴ ፀሐይ ሲወጣ ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት የሸራውን ጠርዝ ፈትተው እጃቸውን ቢሰዱ ወለሉ በላብ ተጠምቋል። ከውጭ አንዲት ጠብታ አልገባችም፤ እርጥበቱ ከውስጥ መውጫ አጥቶ ነው። በአዲሶቹ ሳንቃዎች ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ጀምሯል። ኩራት ክፉ ነውና ጠርዙን መልሰው አስረው ሁለት ቀን ዋጥ አደረጉት። በሦስተኛው ቀን ግን እሳቸው ክብራቸውን ሲጠብቁ ሳንቃው እንደሚያልቅ ገባቸውና ምራታቸውን አስጠሯት።

መጥታ ዳሰሰች፤ አሸተተችም። አማቷ አንገታቸውን ደፍተው «ብዬዎት ነበር» የምትለዋን ቃል ጠበቁ። ሚስታቸው፣ ነፍሷን ይማርና፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ስላጎረሰቻቸው ጣዕሟን ያውቁታል። ምራታቸው ግን መቀሷን አውጥታ የሦስት ቀን ልፋቷን ከፊትም ከኋላም ቀደደችው። ከቀዳዳዎቹ በላይ ዝናብ የሚመልስ ክፈፍ ሰፋችላቸው። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ሸራው እፎይ እንዳለ ሰው ደረቱን ነፋ አደረገ።

ከዚያ ትልቁ ዝናብ ወረደ፤ ሦስት ቀን አላቋረጠም። ሲያባራ ሁለቱም ከሸራው ሥር ገቡ። ወለሉ ደርቋል። ጥቁሩንም ነጠብጣብ በአሸዋ ወረቀት ፈግፈግ ሲያደርጉት ለቀቀ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ሳንቃው ላይ አሳረፉ።

«ብለሽኝ ነበር» አሉ። «አንዲት ቃል ሳትወጣሽ ጀልባዬን አተረፍሽልኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ አባባ፣ ቃሏማ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር» አለች እየሳቀች። «መርፌ በአፌ ይዤ ስለነበር ነው።»