አልገምትም የምትለው መስመር

በዚያ ሰፈር የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ የያዘ ሰው የሚሄድበት አንድ የትየባ ቤት ነበር፤ በዚያም ቤት ሰው ሁሉ የሚፈልጋት አንዲት ሴት ነበረች፤ ከሁለት እህትማማቾች ታላቂቱ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመስታወቱ በር አጠገብ ተቀምጣ፣ ሐኪም የጫረውን፣ ዳኛ በጥድፊያ የጻፈውን፣ ሽማግሌ እጁ እየተንቀጠቀጠ የከተበውን ሁሉ ስትተይብ ኖራለች። ቤተሰቡ ሚጡ የሚላትን ታናሽ እህቷንም ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት። እናታቸው ከኋላ ሆና ወረቀት እየጠረዘች፣ «ይቺ ልጅ ዶሮ የጫረችውንም ብትሰጧት ታነብላችኋለች» እያለች ደንበኛ ታስቅ ነበር።

በኋላ ሚጡ ገበያውን አመጣች።

ገበያው ሰው የማይገዛበት የኢንተርኔት ገበያ ነው። ሻጩም ገዢውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ናቸው። የአንድ ድርጅት ወኪል ሥራ የሚሠራለት ሲፈልግ፣ የተደረደሩትን የአገልግሎት መግለጫዎች አንብቦ ይመርጣል፣ ያዛል፣ ውጤቱን መርምሮ ኮከብ ይሰጣል። እህትማማቾቹ በአንድ ቀን ሁለት መግለጫ አወጡ፤ የሁለቱም ወኪሎች የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ተቀብለው በትየባ ይመልሳሉ።

የታላቂቱ መግለጫ የሠርግ ጥሪ ይመስላል፦ «በረጅም ዘመን ልምድ፣ በላቀ ጥራትና በታማኝነት እናገለግላለን።» የሚጡ አራት መስመር ብቻ ነው። የምቀበለው ይህን፤ የምመልሰው ይህን፤ የሚፈጅብኝ ጊዜ ይህን ያህል። አራተኛዋ መስመር፣ «ያልተለየኝን ፊደል አልገምትም፤ ‹አልተነበበም› ብዬ እመልሳለሁ» ትላለች።

«አንቺ ልጅ፣ ገበያ መሀል ቆሞ ጉድለቱን የሚለፍፍ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ታላቂቱ።

«ማሽን በቁልምጫ አይደለልማ፣ እትዬ። ደግሞ ለገዢው ብቻ አይደለም የምጽፈው፤ የራሴም ወኪል የሚመራው በዚሁ ነው። የጻፍኩለትን ነው የሚያደርገው።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉ» ብላ ታላቂቱ ሳቀች። የመጨረሻውን ነገር ልብ ብላ አልሰማችውም።

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለታላቂቱ አንድም ትእዛዝ አልመጣላትም። ከሚጡ ኮምፒውተር ግን ትእዛዝ በገባ ቁጥር የውሃ ጠብታ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ጠብ ሲል የታላቂቱ ጣት ፊደል ይስታል። መጀመሪያ ድምፁን ጠላችው። ቀጥላ የሚጡን አቀማመጥ ጠላችው፤ እግሯን ወንበሩ ላይ አጥፋ፣ ፀጉሯን በእርሳስ ሰክታ፣ የዓለም ነገር የማይገዳት መስላ መቀመጧን። ከዚያ ይህን ሁሉ በመጥላቷ ራሷን ጠላች፤ ቅናቱ ግን ንቅንቅ አላለም። «እሰይ፣ ጎሽ» ትላለች ከአንገት በላይ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አንድ ጡረታ የወጡ ቀያሽ የደበዘዘ ደብዳቤ ይዘው መጡ። የታላቂቱ የቆዩ ደንበኛ ናቸው። እጇን ዘረጋች።

«ለሚጡ ይስጧት፣ ጋሼ» አለች እናትየው ከኋላ። «አሁን አዋቂዋ እሷ ናት።»

«ኧረ እማዬ! እትዬ እያለች?»

«ግድ የለም፣ አንቺው አንብቢላቸው» አለች ታላቂቱ። ድምፅዋ ደህና ነበር። የተዘረጋውን እጇን ግን የት እንደምታደርገው ጨነቃት።

ከሰዓት በኋላ ሚጡ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራት። ኮምፒውተሯን ሳትዘጋ ተነሣች። «እትዬ፣ መግለጫዬ ላይ የፊደል ግድፈት ካለ እይልኝማ። ያንቺ ዓይን ካላለፈበት ልቤ አያርፍም።»

ታላቂቱ ድሮ የቤት ሥራዋን እንደምታርምላት ሆና ተቀመጠች። ግድፈት ፈለገች። አንዲት እንኳ ብታገኝ ሆዷ በበረደላት ነበር። አጣች። ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ አራተኛዋን መስመር አጠፋቻት። ለራሷው ብዬ ነው፣ ጉድለቷን ምን ያስለፍፋታል፣ አለች በሆዷ። ለእህቷ ብላ እንዳልሆነ ግን ደኅና አድርጋ ታውቀዋለች።

እስኪመሽ ትእዛዙ በእጥፍ ጨመረ። ያችን መስመር አይተው ያልፉ የነበሩ፣ አስቸጋሪ ወረቀት የያዙ ገዢዎች ሁሉ መጡ። ልትጎዳት ብላ ጠቀመቻት፤ ይኼ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ድምፁ ቆመ። አንድ ሆስፒታል ያረጀ የልደት መዝገብ ልኮ ነበር፤ የሚጡ ወኪል ‹አልገምትም› የሚለው መስመር ስለጠፋበት፣ የማይነበበውን ቀን ሁሉ ከራሱ ፈጥሮ ሞላው። ገዢው ወኪል ሲመረምር አንዲት እናት ከልጇ በሁለት ዓመት አንሳ ተገኘች። ገበያው የሚጡን መግለጫ አገደ። በሦስት ቀን ውስጥ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ካላስረዳች ለዘለቄታው ትሰረዛለች።

«በጥድፊያ ነው ያዘጋጀሁት፤ የኔ ጥፋት ነው» አለች ሚጡ። «ብቃቱ የለኝም ብዬ ጽፌ ልውጣ። አንቺ ብትሆኚ እንዲህ አትሳሳቺም ነበር፣ እትዬ።»

«ታላቅሽን ብትሰሚ ኖሮ!» አለች እናትየው። «ሙያ በእሷ ነው፤ ድሮም ብዬ ነበር።»

ታላቂቱ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው። መጣ፤ ደግሞም ጣማት። ቦታዋ ተመለሰላት፤ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ወደ ራሷ ትየባ ዞረች። ሚጡ መጻፍ ጀመረች፦ «ለሥራው ብቃት ስለሌለኝ…»

«አጥፊው» አለች ታላቂቱ።

«ምኑን?»

«የጻፍሽውን። አራተኛዋን መስመር ከመግለጫሽ ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ትናንት፣ ሐኪም ቤት ስትሄጂ።»

ሚጡ መግለጫውን ከፍታ አየች። ዞረችና፣ «በስህተት ነው አይደል?» አለች፤ አዎ በይኝ ብላ የምትለምን ትመስላለች።

«አይደለም። ቀንቼ ነው።»

እናትየው መጠረዟን አቆመች። «ምን አልሽ አንቺ?» አለች።

«ታዲያ ለገበያው ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች ሚጡ።

«እንዳለ ጻፊው። አምኜ ኮምፒውተሬን ትቼላት ብሄድ እህቴ አጠፋችው በዪ።»

ሚጡ እንዳለ ጻፈችው፤ ላከችው። ከዚያ የይለፍ ቃሏን መቀየሪያ ከፈተች፤ እህቷ አጠገቧ ቆማ እያየች፣ በግራ እጇ ቁልፎቹን ጋርዳ፣ አንድ በአንድ አዲሱን አስገባች።