ከአፋፉ የሚታይ ጭስ

የትነበርሽ ወንድሟን ዋኘውን ለዓመታት ይቅር አላለችውም። ነገሩ የበቅሎ ነገር ነው። የአባታቸው ተዝካር ዕለት ከጎንደር በሚኒባስ መጥታ ከገደል አፋፍ ያለችው ኮሶዬ ወረደች። የእናቷ ቤት ከገደሉ ሥር ነው፤ ማኪና አይደርስበትም። ዋኘው በቅሎ ይዞ ሊቀበላት ወጥቶ ነበርና ከእግሯ እስከ ራሷ አየት አደረጋት። ከዚያም ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«ምነው እቴ! በቅሎዋን ልትገድያት ነው? አንቺን ከምትሸከም ተራራውን ብትሸከም ይሻላታል» አለ።

መንገደኛው ሳቀ። የትነበርሽ የያዘችውን ዕቃ በቅሎዋ ላይ ጭና፣ «ይኼን እንኳ ትችላለች» አለችና በመጣችበት ተመለሰች። የገዛ አባቷን ተዝካር ሳትቀምስ ቀረች።

እናቷ እመት ጥሩ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄን ያልቻለች በቅሎ እኔንም አትችልም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ዳገቱን ወጥተው አያውቁም። ልጅ አትወርድ፣ እናት አይወጡ።

የትነበርሽ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ድንችና ነጭ ሽንኩርት ልትገዛ በደባርቅ መንገድ በሄደች ቁጥር ኮሶዬ ላይ ወርዳ ከአፋፉ ትቆማለች። እመት ጥሩም ስልክ ሲደርሳቸው እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እሳቱ ላይ ይጥላሉ። ጭሱ ከቆርቆሮው በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

«አየሽው?»

«አየሁት፣ እማ።»

«ነጠላሽን እስቲ አውለብልቢው።»

ታውለበልባለች።

«አየሁሽ!» ይላሉ። ዓይናቸው ከደጃፉ እንደማያልፍ የትነበርሽ ታውቃለች።

አንድ ቀን ናፍቆቱ ቢብስባት ብቻዋን ልትወርድ ተነሣች። ገና ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጉልበቷ ከዳት፤ ሰው ደግፎ አወጣት። እልኸኛ ናትና ያን ዓመት ሁዳዴን ጀንበር እስክትጠልቅ እየጾመች ከረመች። ከሳች። ፋሲካ ሲገባ ግን የጎደለው ሁሉ ጓዙን ይዞ ተመለሰ።

ጉልበቷን ያየችላት ነርስ ሐመልማል ተቆጣቻት።

«እትዬ የትነበርሽ፣ ጾሙ ለነፍስሽ ነው እንጂ ለወገብሽ አይደለም። ለጥቂት ሳምንት የምትችይውን ሳይሆን ዕድሜ ልክሽን የምትችይውን ቀንሺ። ለመሆኑ ማታ ምን ትበያለሽ?»

«እኔ? ምንም።»

«ምንም?»

«ደንበኛ ያስተረፈውን ነው እንጂ። እህል ይጣላል እንዴ?»

«ታዲያ ከሁሉም ገበታ ነው የምትበይው በይኛ!»

የትነበርሽ አኮረፈች። አኩርፋም ግን ቤቷ ስትገባ ትራፊውን ለጎረቤቷ ለአበቡ ዶሮዎች ሰጠች። ከሻይ ስኳሩን ተወች። ወጡ ላይ ዘይት ስታፈስ እጇን ሰበሰበች፤ እንጀራውን ቀንሳ ጎመንና ምስሩን አበዛች። ጠዋት ጠዋት ባጃጁን ትታ ከከተማው በላይ ያለውን የጎሃን ዳገት መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ ከሥሩ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እያለከለከች ነበር የምትመለሰው። ክረምት አለፈ። ሌላ ፋሲካ መጣ፤ ዶሮዋን በላች፣ በማግስቱ ዳገቱን ወጣች። ጫፉ ላይ ደርሳ ፒያሳን ከላይ ስታይ ግን ያሰበችው ፒያሳን ሳይሆን ከገደሉ ሥር ያለውን ቤት ነበር።

አበቡ ተጨነቀችላት።

«ምነው የትነበርሽ፣ ያ ሁሉ ውበትሽ የት ገባ? አሞሽ እንደሆነ ጠበል ልውሰድሽ።»

«ድኛለሁ እኮ።»

«ከምኑ?»

«ከባጃጁ።»

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ለማንም ሳትደውል ኮሶዬ ወረደች። ከአፋፉ ቁልቁል አየች፤ ስላልደወለች ጭስ የለም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠችና ቁልቁለቱን ያዘች። ጉልበቷ ጠዘጠዛት። ድንጋይ እየያዘች፣ እያረፈች ወረደች።

ዋኘው አውድማ ላይ ነበር። ሲያያት መንሹን ጣለ።

«በምን መጣሽ?»

«በእግሬ። በቅሎህ ደህና ናት፣ አያ?»

ዋኘው አንገቱን ደፋ። «ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!»

«ተወው። ነገ ጠዋት ጫንልኝ።»

«ልትቀመጪባት?»

«እኔ አይደለሁም።»

እመት ጥሩ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ድምጿን ሲሰሙ እጃቸውን ዘረጉ። ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ ወገቧን ዳሰሱና አለቀሱ።

«ከሳሽብኝ!»

«መንገዱ ነው፣ እማ። አንቺ ዘንድ የሚያደርሰው መንገድ።»

ያን ሌሊት ከእናቷ ጎን ተኛች። ጠዋት በቅሎዋ ተጭና ስትቀርብ እመት ጥሩ አመነቱ።

«ትችለኛለች?»

«ትችልሻለች። እስከ አፋፉ እኔ እስባታለሁ።»

«እሳቱስ?»

«አዳፍኚው። ዛሬ ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም።»

ዋኘው እናቱን ደግፎ ኮርቻው ላይ አወጣቸው። ልጓሙን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ የትነበርሽ ቀደመችው። ይዛውም ዳገቱን ፊት ፊት ትወጣ ጀመር።