ለእርስዎ ብቻ የተዘጋ ስልክ

ዘሪቱን ጠዋት ስልኳ ጉድ አደረጋት። አዲስ አበባ ያሉ ሦስት ፈታኞች በቪዲዮ ሊያነጋግሯት ቀጥረዋት፣ ገና ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ ወንድሟ ደወሉ። ስልኳ አሮጌ ነው፤ ጥሪ ሲገባበት ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። የወንድሟን ቁጥር ብትዘጋ በቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ስልክ ደወሉ። የዘበኛውን ብትዘጋ በሌላ ሰው ስልክ መጡ። በመጨረሻ ከፈታኞቹ አጭር መልእክት ደረሳት፦ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና እንሞክራለን። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ዕድል የለም።»

ወንድሟ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ቀጠሮዋን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሟቹ አባታቸው ሉማሜ ውስጥ የብራና መጻሕፍት ይጠግኑ ነበር፤ የተበጠሰ ክር እየቀጠሉ፣ የተሰነጠቀ የሽፋን ገበታ እየለወጡ፣ ቆዳ እያለበሱ። ወንዱ ልጅ ቅኔ ፍለጋ ደብር ለደብር ሲዞር፣ አባቷ ጎን ተቀምጣ መርፌ የያዘችው ዘሪቱ ናት። አሁን የጥንት መጻሕፍት ጥገና የሚያስተምር የአንድ ዓመት ሥልጠና ተከፍቷል ሲባል ሰምታ አመልክታለች። መሪጌታ ደግሞ ፍሥሐ ለሚባል የቁይ እህል ነጋዴ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ቃሉን ሲሰጡ እሷን አልጠየቋትም።

ከምሳ በኋላ ዘሪቱ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ወዳለው የሥራነሽ ሻይ ቤት ሄደች። ሥራነሽ አብሮ አደጓ ናት፤ ለመንገደኞች ብላ ዋይፋይ አስገብታለች። ዘሪቱ ከጓዳው በር አጠገብ ጥግ ይዛ ተቀመጠችና ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ አቆመችው።

«ዋይፋዩስ ይሁን፣ ያንቺ ወንድም መደወሉን መች ይተዋሉ?» አለች ሥራነሽ።

«አይተዉም። ስለዚህ መንገዱን ነው የምዘጋባቸው።»

ዘሪቱ ከላይ ያለውን ዝርዝር ወደ ታች ስባ የአውሮፕላኑን ምልክት ነካች።

«እንዴ፣ እሱማ ሁሉንም ነው የሚያጠፋው» አለች ሥራነሽ። እውነትም የኔትወርኩ ምልክት ብቻ ሳይሆን ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ዘሪቱ አውሮፕላኑን እንደበራ ትታ የዋይፋዩን ምልክት ለብቻው ነካችው። ስልኩ ጥቂት አሰበና ዋይፋዩ ተመለሰ። አሁን ከላይ አውሮፕላኑና ዋይፋዩ ጎን ለጎን በርተዋል። ለማረጋገጥ ሥራነሽ ከራሷ ስልክ ደወለችላት፤ ጥሪው አልገባም። የፈታኞቹ ገጽ ግን ወዲያው ተከፈተ።

ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። «ክሩ የተበጠሰ የብራና ዳዊት ቢመጣልሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«መርፌ አላነሣም» አለች ዘሪቱ። «መጀመሪያ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ክሩ ሲበጠስ የብራናው ቅጠል ቦታውን ስቶ ሊሆን ይችላል። ሳላነብ ከሰፋሁት ስሕተቱን አብሬ መስፋቴ ነው።»

ፈታኞቹ ሌላ ጠየቁ፤ መለሰች። አንድ የተጎዳ ገጽ በስክሪኑ አሳይተው አንብቢ አሏት፤ ግእዙን በአባቷ አነባበብ፣ ሳትቸኩል ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለች በሩ ጨለመ። መሪጌታ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል።

«ስንቴ ብደውል ስልክሽ አይገባም» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ዘግተሽው ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«አልዘጋሁትም፣ ጋሼ። የተዘጋው ለእርስዎ ብቻ ነው።»

ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቆሙ። መሪጌታ ቀርበው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። «ይቅርታ አድርጉልን። ልጅቱ ታጭታለች። በከንቱ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ዘሪቱ፣ እውነት ነው?»

ዘሪቱ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። «ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። መታጨቴን ግን እኔም እንደናንተው ከሰው ነው የሰማሁት። እሺ አላልኩም፤ አልልምም። ንባቡን ልጨርስ?»

«ቀጥይ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ቀጠለች። መሪጌታ መሄድም መቀመጥም አቅቷቸው እዚያው ቆሙ። አንድ ቃል ላይ ቀለሙ ለቅቆ ፊደሉ አይታይም፤ ዘሪቱ ቆም አለች። እሳቸው ቃሉን እንደሚያውቁት ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ከንፈራቸው ሊንቀሳቀስ ብሎ ተወው። ዘሪቱ ወንድሟን አልለመነችም። «ይህ ቃል ጠፍቷል» አለች ለፈታኞቹ። «መገመት እችላለሁ፤ ግን በግምት ብራና ላይ አልጽፍም። ሌላ ቅጂ ፈልጌ አመሳክራለሁ።» ከፈታኞቹ አንዱ ፈገግ ሲል አየችው።

ጥሪው ካለቀ በኋላ መሪጌታ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሥራነሽ ሻይ ብታቀርብላቸው አልነኩትም።

«ለፍሥሐ ምን ልበለው?»

«እኔን ሳይጠይቁ ቃል የሰጡት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይንገሩት።»

«አባታችን ይህን ቢያዩ ክፉኛ ያዝኑ ነበር።»

«መርፌውን ያስያዙኝ አባባ ናቸው፣ ጋሼ። እርስዎ ያኔ እዚህ አልነበሩም።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ለሥልጠናው መመረጧን የሰማችው ከፋሲካ በኋላ ነው። መሪጌታ አልመረቋትም፤ ፍሥሐም ብዙ ሳይቆይ ሌላ አጨ። የመሄጃዋ ዕለት ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አውቶቡስ ሞልቶ ደረሰ። ረዳቱ ሻንጣዋን ሲጭን፣ ወንድሟ ከመንገዱ ማዶ ብቅ አሉ። እስኪደርሱባት ቆማ ጠበቀች።

«ሰው ምን ይለኛል?» አሉ።

«ሰው የሚለውን እርስዎ ይስሙልኝ። እኔ መኪና ሊያመልጠኝ ነው።»

ትከሻቸውን ሳመች፤ አልገፏትም፤ መልሰው ግን አልሳሟትም። ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ ባለው የሞተር ክዳን ላይ ግን ቦታ ነበር። ዘሪቱ ወጥታ ተቀመጠች፤ ሾፌሩም ማርሽ አስገባ።