ከተጠገነው ጎን

ስልኩ ሲጮህ ሼሁ ዱዓ ላይ ነበሩ። እንድሪስ ኪሱን በመዳፉ አፈነው፤ ዝም አላለም። የተቀመጡት "አሚን" እያሉ ዞር ብለው አዩት። ከእድሩ አግዳሚ ወንበር ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ከድንኳኑ ወጣ። ቦንዳ የጫነ ጋሪ እስኪያልፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ጠበቀና ስልኩን አነሳ።

"የፈርሀት እንድሪስ ቤተሰብ ነው?" የሴት ድምፅ ነው፤ ችኩል፣ ግን ደስ ያለው።

"አባቷ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ከሆስፒታል ነው። ተራዋ ደርሷል! ከውጭ የመጡት የልብ ሐኪሞች ሐሙስ ይሠሩላታል። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥታ አልጋ ትያዝ። አደራ እንዳትቀሩ፤ ከቀረች ቦታው ባዶውን ነው የሚያልፈው። በዚያ ሰዓት ተጠባባቂ ከየት እናመጣለን?"

እንድሪስ አፉን ከፈተ። ልጁን የቀበራት ትናንት ነው፤ ኮልፌ፣ ከዙሁር በኋላ፣ አፈሩን በገዛ እጁ መልሶ። ይህን መናገር ነበረበት። ሴትዮዋ ግን "ትምጣ"፣ "ትተኛ"፣ "ከማታ ጀምራ እህል እንዳትቀምስ" ስትል፣ ለዚያች አፍታ ፈርሀት ቤት ውስጥ ተቀምጣ የምትጠብቅ መሰለው።

"እሺ" አለ። "እናመጣታለን።"

ተመልሶ ሲቀመጥ ሃብታሙ፣ ከእሱ ኪዮስክ ጎን ቀበቶ የሚሸጠው ጎረቤቱ፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ "ማን ነው?" አለው።

"ደንበኛ ነው። ጃንጥላ አስጠግኖ።"

ሃብታሙ ራሱን ነቀነቀ። "ሰው እኮ ሐዘን አይገባውም" አለና ቡናውን አቀበለው። እንድሪስ ስኒውን እንደያዘ ቡናው ቀዘቀዘ።

ከትውልድ ከተማው ከሐይቅ መርካቶ የገባው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲኒማ ራስ አጠገብ ጃንጥላና ሻንጣ ሲጠግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሆነው። ሰው የተሰበረ ሻንጣ ሲያመጣለት የተሰበረውን ቦታ አስቀድሞ አያይም፤ እሱንማ ባለቤቱም አይቶታል። ዙሪያውን ይዳስሳል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ ቀጥሎ የሚሰበረውን ይፈልጋል። ደንበኞቹ "እንድሪስ ጋ አንዴ የገባ ዕቃ ዳግም ተሰብሮ አይመለስም" ይሉ ነበር፤ ፈርሀትም ይህን እየሰማች ነው ያደገችው።

ስለዚህም ነው የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ አንድ ረጅም ካርቶን ታቅፋ ወደ ኪዮስኩ የመጣችው።

"አባ፣ እስቲ ይቺን እንደ ሻንጣ እያት።"

ነጭ የፎም አውሮፕላን ነበረች። ክንፎቿ ሲዘረጉ ኪዮስኩን ከጫፍ ጫፍ ያዙት።

"አንቺ ሠራሻት?"

"ተሠርታ ያለቀች ናት፤ እንዲሁ ነው የምትሸጠው። የእኛ ሥራ ማጠናከር ነው። ግማሽ ኪሎ መድኃኒት ይዛ መንገድ የሌለበት ጤና ጣቢያ እንድትደርስ ነው የምንፈልገው። እንዳለች ብናስነሳት ትበጠሳለች።"

እንድሪስ መነጽሩን አደረገ። አገላበጣት፤ አንኳኳት፤ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረጋት።

"እዚህ ጋ" አለ፣ ክንፉ ከሆዷ የሚጋጠምበትን እያሳየ። "ሞተሩ የተቀመጠባት ጣውላም ስስ ናት። እግሮቿ የተተከሉበት ቦታ ሙጫ ነክቶታል እንጂ አልጠገበም። ጭራዋም ይወዛወዛል።"

ፈርሀት በሳቅ ፈረሰች። "እኛ በኮምፒውተር ሦስት ሳምንት የፈጀብንን!"

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ከአስር ሶላት በኋላ ሥራቸው አውሮፕላኗ ሆነች። ከአሮጌ ጃንጥላ ቀጫጭን ዘንጎች ነቅሎ በየክንፉ ሥር ሁለት ሁለት ቀበረላት። የእግሮቿን መትከያ በቀጭን ጣውላ ደረበው። የጭራዋን መታጠፊያዎች በስቲኪኒ ወግቶ አሰራቸው። የቦንዳ ማሸጊያ ፕላስተር፣ ያን ክር ያለበትን፣ በክንፉ ሆድ ላይ ለጠፈ። ሙጫ ሲያበዛ ታጨቃጭቀዋለች።

"አባ፣ ይከብዳል! ሙጫህ ብቻውን እኮ የመድኃኒቱን ግማሽ ያህላል።"

"ይጠንክር ብዬ ነው።"

"ጠንክራ ካልተነሳች ምን ይሠራልናል?"

እሱም በተራው ያስተምራታል። "ዘንጎቹን እኩል አትቁረጫቸው። አንዱ ይርዘም፣ አንዱ ይጠር። እኩል ካለቁ ጫናው ሁሉ እዚያች መስመር ላይ ያርፋል፤ ስብራቱ ከጠገንሽው ጎን ይመጣል።" ይህን በደብተሯ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

አንዳንዴ ሥራውን አቁማ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች። ከንፈሯ ይጠቁራል። ያን ጊዜ እንድሪስ ፒንሳ የጠፋበት መስሎ ከጠረጴዛው ሥር ይገባል። እንዳየባት እንዳታውቅ ነው።

በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት ነበር። በማርና በሎሚ አሳለፉት፤ ከሠፈሩ ልጅ ጉሮሮውን ያላመመው ማን አለ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሐኪሙ በወረቀት ላይ ልብ ሥሎ፣ የጠበበውን በር በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየው። የጉሮሮዋ ሕመም ነው እዚያ የደረሰው አለው።

"ታዲያ በምን ነው የሚጠናከረው?" ብሎ ጠየቀ እንድሪስ።

"በኪኒን እናቆያታለን። መዳኛው ግን ቀዶ ጥገና ነው፤ ወረፋ አለው።"

ወረፋው ሦስት ዓመት ሆነ። እንድሪስ በየወሩ እየሄደ በመስኮቱ ይጠይቃል፤ "እንደውላለን" ይሉታል። ሊዳስሰው፣ ሊያንኳኳው፣ ዘንግ ሊያስገባበት የማይችለው ነገር በልጁ ደረት ውስጥ ነበር። ከሆስፒታል በተደወለ ዋዜማ፣ እሁድ ጠዋት፣ ፈርሀት ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። እናቷ ጠሂራ ቧንቧው ሥር ግድግዳውን ተደግፋ አገኘቻት፤ ውኃው እየፈሰሰ ነበር።

ማክሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመች። ሻሿን እንደነገሩ አስራለች፤ ወደ ወንዶቹ ትግባ ወደ ሴቶቹ ቤት ትሂድ ግራ ገብቷታል። የታቀፈችውን ካርቶን ሲያይ እንድሪስ ማንነቷን ሳይነግሩት አወቀ። ሩሀማ ናት፣ አውሮፕላኗን ከፈርሀት ጋር የምትሠራው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ። ተነስቶ ወደ ድንኳኑ ጥግ ወሰዳት።

"ጋሼ እንድሪስ..." አለች። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ቅዳሜ አበረርናት። ጭነቷን ይዛ ነው የተነሳችው። ፈርሀት ልትሮጥ ስትል እጇን ይዤ አስቀረኋት፤ ቆማ እያጨበጨበች አየች። ስታርፍ ግን ነፋስ ገፋት።"

ካርቶኑን ከፈተች። የቀኙ ክንፍ ተሰብሯል፤ ፎሙ እንደ ዳቦ ተገምጧል። እንድሪስ ጣቱን ሰደደ። የጃንጥላው ዘንግ ደህና ነው። እሱ የጠገነው ቦታ አንድም አልነቃም። ስብራቱ ዘንጎቹ ካለቁበት አንድ ጣት ያህል አለፍ ብሎ ነው። ሁለቱም ዘንጎች እኩል ነበሩ።

ማን ቆረጣቸው? ትዝ አለው። እሱ ነው። ያን ዕለት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ቶሎ ጨርሶ ቤት ሊያስገባት ብሎ፣ እንዳትቸኩል የሚያስተምራትን ነገር ራሱ ችላ አለው።

"አውቃ ነበር?" አለ።

"ምኑን?"

"የተሰበረው በምን እንደሆነ።"

ሩሀማ ዓይኗን ሰበረች። "አይታዋለች። 'ለአባ እንዳትነግሪው' አለችኝ።"

እንድሪስ ጣቱን ከስብራቱ አነሳ። ከጀርባቸው ሰዎች ይገባሉ፤ "አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ" ይላሉ፤ ወንበር ይንቋቋል።

"ጋሼ፣ ዛሬ መጠየቄ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። የአውሮፕላኗ የበረራ ፈተና አርብ ነው። ስሟ እንዲጠራ እንፈልጋለን። እኛ ብንነካት እናበላሻታለን።"

ክንፉን ከካርቶኑ አወጣ። ሁለቱን ስባሪዎች ሊያገጣጥም ሞከረ። ጫፍና ጫፉ አልገጥም አለው። ደግሞ ሞከረ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያልከዳው እጅ ነው። ሃብታሙ ከሩቅ አይቶ ፊቱን አዞረ።

"አልችልም" አለ በመጨረሻ። "አንቺ ያዥው። እኔ እነግርሻለሁ።"

ነገራት። አሮጌውን ዘንግ እንዳትነቅለው፤ ከጎኑ ረዘም ያለ እንድትጨምር፤ ሌላኛውን ደግሞ በአራት ጣት እንድታሳጥር፤ ሙጫውን በስቲኪኒ ጫፍ ብቻ እንድትቀባ። ፕላስተሩንም ሰያፍ እንጂ ቀጥ አድርጋ እንዳትቆርጠው። ሩሀማ በስልኳ ላይ ትጽፋለች። ሲጨርስ "እስኪደርቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?" አለችው።

"ዛሬ ከነካሽው ለነገ ጠዋት ይደርሳል።"

ነገ ጠዋት ያለው በገዛ አፉ ነው። ነገ ረቡዕ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ አንዲት ነርስ ባዶ አልጋ አጠገብ ቆማ የፈርሀትን ስም ትጠራለች። አንድ ሌላ አባት ደግሞ፣ የት አገር እንዳለ እንጃ፣ "እንደውላለን" የተባለውን እየጠበቀ ያድራል።

ሩሀማን ሸኝቶ ወደ ጀርባ ግቢ ዞረና የትናንቱን ቁጥር ደወለ።

"ልጄ እሁድ አርፋለች" አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። "ትናንት ስትደውይልኝ ተቀብራ ነበር።"

መስመሩ ላይ የወረቀት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። "ጋሼ... ታዲያ ለምን ያን ጊዜ አልነገሩኝም?"

"አልቻልኩም። ለሌላ ሰው ደውይ። አሁን ደውይለት።"

"አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ እኮ። ቀጥሎ ያለችው ልጅ ክፍለ ሀገር ናት። መኪና ካላገኙ..." የወረቀት ገጽ ገለጠች። "እሞክራለሁ።"

"ስሟ ማነው?"

"መናገር አይፈቀድልኝም፣ ጋሼ።"

"ከደረሰች ትነግሪኛለሽ?"

"እሱም አይፈቀድም።" አለች። "እግዚአብሔር ያጽናዎት።"

ስልኩ ተዘጋ። ጠሂራ በጓሮው በር ላይ ቆማ ነበር። የሰማችውን ያህል ሰምታለች።

"ተራዋ ነበር?" አለችው።

"ተራዋ ነበር።"

አላለቀሰችም። ወደ ውስጥ ገባች፤ እሱም ተከተላት። ሴቶቹ ዝም ብለው መንገድ ለቀቁላቸው። ከአልጋው ሥር አንድ ትንሽ ቦርሳ ሳበች፤ ዚፑን ስትከፍተው አዲስ ፎጣ፣ ቢጃማ፣ ሳሙና ተደርድሮ ታየ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሆስፒታል ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። እንድሪስ መኖሩንም አያውቅም ነበር። ከሁሉ ሥር ሰማያዊ ነጠላ ጫማ አወጣች፤ ሁለቱ እግሮች ከሱቅ እንደተገዙ በነጭ ክር እንደታሰሩ ናቸው።

ክሩን ልትፈታ ታገለች፤ እምቢ አላት። ሳትናገር ለእሱ ሰጠችው።

እንድሪስ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ጫማዎቹን ይዞ እስከ ደጃፉ ሄደ፣ ቁጢጥ አለ፣ የለቀስተኞቹን ጫማ በእጁ ገለል አድርጎ ቦታ አበጀና፣ ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ሰው አውልቋቸው እንደገባ፣ ጫፋቸውን ወደ ቤት አዙሮ አስቀመጣቸው።