ሁለት መቶ በመቶ

የኦግኒያን አርባ ነገ ነው። ስንዴው ተቀቅሎ፣ ስኳር ተነስንሶበት፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የቀረው በበሩ፣ በአጥሩና በፌርማታው ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው የመታሰቢያ ወረቀት ነው። በቀብሩ ሰሞን የተለጠፈው ፎቶግራፍ ከመታወቂያው የተወሰደ ስለነበር ቁጡ ሰው አስመስሎታል። ራዶስቬታ ለአርባው ወንዝ ዳር ሆኖ የሚስቅበትን መርጣለች። የሴቭሊዬቮ ከተማ ሰው ያንን ባሏን እንዲያይላት ትፈልጋለች።

ስልኩ ጮኸ። የማተሚያ ቤቱ ቬንሲ ነው፤ ኬሚስትሪ ያስተማረችው።

«እትዬ ራዶስቬታ፣ በኢሜይል የላኩልኝ ፎቶ አሁንም ቴምብር ነው የሚያክለው። ላሳድገው ስል ጋሽ ኦግኒያን ጭጋግ ይሆኑብኛል።»

«ምን ቴምብር ትላለህ? እኔ ጋ ከኢሜይሉ መስኮት አልፎ ሄዶ፣ ጠርዙን ይዤ እስኪበቃው አሳነስኩት እንጂ!»

«እሱ ነዋ! የእርስዎ ስክሪን ሁሉን ነገር አግዝፎ ያሳይዎታል። እርስዎ ትልቅ መስሎዎት ይቀንሱታል፣ እኔ ጋ የተቀነሰው ይደርሳል። እንደ ፋይል አያይዘው ቢልኩልኝስ?»

«ማያያዙን ኦግኒያን ነበር የሚያውቀው።»

«በሉ እንግዲያው የስክሪኑን ልክ እንይ።»

ቬንሲ እየመራት ቅንብሩን ከፈተች። የማሳያው መጠን ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁጥር አነበበችለት፤ ሁለት መቶ በመቶ።

«ሁለት መቶ! ጋሽ ኦግኒያን ዓይናቸው ደክሞ ነበር ለካ። መቶ ያድርጉትና ፎቶውን ሳይነኩ እንደገና ያስገቡት።»

ጣቷ አመነታ። ነጠላ ጫማውን እንኳ ካወለቀበት አላነሳችም። ግን ነገ አርባው ነው። ተጫነችው።

ገጹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኮሰሰ። ፊደሎቹ ግራጫ ጉንዳን ሆኑ። ቀረበች፣ ባሰ። ራቀች፣ ያው ነው።

የኦግኒያን ዓይን ደክሞ አያውቅም። ሆስፒታል እስከገባበት ሳምንት ድረስ የዓሣ መንጠቆውን በቀጭን ክር ያለ መነጽር ያስር ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የእህቷን ደብዳቤ ኮምፒዩተሩ ላይ ማንበብ ጀምራ፣ ራሴን አመመኝ ብላ ትታው ተነስታ ነበር። ያን ዕለት ኦግኒያን ማሽኑን ላጽዳው ብሎ ብዙ ቆየ። በማግስቱ ፊደሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ጠበቃት። «አየሽ? ያንቺ ዓይን የንስር ነው» አላት። እሷም በሰባ አንድ ዓመቴ መነጽር አላውቅም እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ስታሰለች ኖረች። የመድኃኒቱን ወረቀት ከእጇ ተቀብሎ ጮክ ብሎ ሲያነብላት፣ የገዛ ድምፁን የሚወድ ይመስላት ነበር።

«አስገቡት? መላኪያውን አዩት?»

«አላይም፣ ቬንሲ» አለች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ቬንሲ ቀስ ብሎ፣ ከላይ በግራ፣ ከሁሉም ትልቁ አራት ማዕዘን እያለ እንደ ዓይነ ስውር መራት።

«መጣ! ጥርሳቸው ሳይቀር ይታያል።»

«የወረቀቱን ጽሑፍ ከወትሮው ተለቅ አድርግልኝ።»

«ሰሌዳ ላይ ጉንዳን ሲያስነብቡን የኖሩት እርስዎ ነዎት ይሄን የሚሉት?»

ልትስቅለት ፈለገች፤ አልሆነላትም። «የሚያነብልኝ የለም» አለችው።

ስልኩን ዘጋች። ወደ ስክሪኑ ተመልሳ፣ ኦግኒያን እንደተወው ልታደርገው ሁለት መቶ የሚለውን ፈለገች። አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። ከግራጫዎቹ ጉንዳኖች የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።