ወለላ አትሞትም

ማናልሞሽ ቴፒ ከተማ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፈች ትተዳደር ነበር። በ1990 ዓ.ም. ክረምት መምህር ገብረወልድ የሚባሉ ጡረተኛ በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ደብተሮች ይዘውላት መጡ። የጻፉት ልብ ወለድ ነው።

“አንድ ፊደል እንዳትሳሳቺ፤ አዲስ አበባ ወስጄ የማሳትመው ነው” አሏት።

ታሪኩ ወለላ ስለምትባል የጌጫ መንደር ልጅ ነበር። ማናልሞሽ ሌላውን ሥራ ትታ ሁለት ሳምንት ጻፈችው። ወለላ አባቷን ተከራክራ ትምህርት ቤት ስትገባ ማናልሞሽ ብቻዋን ሳቀች። ከገበያ ስትመለስ ወለላን ጠልፈው ሲወስዷት ማናልሞሽ ተነሥታ የክፍሏን በር ዘጋች። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ግን እጇን ሰበሰበች። ሽማግሌ ተልኮ፣ አባትየው እሺ ብሎ፣ ወለላ በማግስቱ ጫካ ገብታ ራሷን ትሰቅላለች።

መምህሩ ሊወስዱ ሲመጡ “አላለቀም” አለቻቸው።

“ምን ቀረው?”

“መጨረሻው። እሱን አልጽፍም። ለምን ገደሏት?”

“አንባቢ እንዲያለቅስላት ነዋ!”

“አልቅሶ መጽሐፉን ይዘጋል። የተጠለፈች ልጅ ብታነበውስ ምን ትማራለች? ገመድ መፈለግ? እኔም በአስራ አምስት ዓመቴ ተጠልፌያለሁ፣ መምህር። ይኸው አለሁ።”

መምህሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ። “እንዴት አመለጥሽ?”

“አላመለጥኩም። በአስራ ሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ አጥበው፣ አልብሰው አወጡኝ። ለወጉ ያህል ‘ተስማምተሻል?’ አሉኝ። ‘አልተስማማሁም’ አልኩ። አባቴ ‘ዝም በይ፣ ከእንግዲህ ማን ያገባሻል?’ ሲለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ከዚያ በመካከላቸው አልፌ ወጣሁ። ሰውየው ሊይዘኝ ብድግ አለ፤ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ሊጎትተኝ ግን አፈረ። እስከ ማሻ በእግሬ፣ ከማሻ በቡና ጭነት መኪና እዚህ ደረስኩ። ቡና እየለቀምኩ ተማርኩ።”

መምህሩ አራተኛውን ደብተር አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። “የኔዋ ግን የእውነት ሞታለች” አሉ በመጨረሻ። “ትርፌ የምትባል ተማሪዬ ነበረች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው።”

“እርስዎ ያኔ የት ነበሩ?”

“ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ።” አቀረቀሩ። “አንቺን እንኳ ለወጉ ጠይቀውሻል። እሷን ማንም አልጠየቃትም።”

ማናልሞሽ ከወንበሯ ተነሣች። “እሱን ይጻፉታ! አራት ደብተር ሙሉ ልጅቷ ስትሰቃይ መምህሯ የት ገባ? አንድም ቦታ የለም!”

መምህሩ ደብተሮቻቸውን ሰብስበው ደህና ዋይ ሳይሏት ወጡ። የሚመለሱ አልመሰላትም ነበር። ከወር በኋላ አምስተኛ ደብተር ይዘው መጡ። በዚህኛው ውስጥ መምህሩ ከሽማግሌዎቹ መካከል አቀርቅሮ ተቀምጧል። ወለላ ማንም ሳይጠይቃት ትነሣና “አልተስማማሁም” ትላለች፤ መምህሩን በስሙ ጠርታ ቀና እንዲል ታዝዘዋለች፤ በሩን ከፍታ ትሄዳለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ “ለትርፌ፤ መጠየቅ ሲገባኝ ላልጠየቅኋት ተማሪዬ” የሚል ተጽፏል።

የሚያሳትመው ሰው አልተገኘም። ማናልሞሽ ግን በካርቦን አራት አራት ቅጂ እየመታች ለተማሪዎች ሰጠች። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሚዛን ተፈሪ ድረስ ሄደ።

አንድ ቀን ጃንጥላ የያዙ የጌጫ ሽማግሌ እየተቆጡ ገቡ። “ይህን ወረቀት የምታሰራጨው ማን ናት?”

“እኔ ነኝ።”

“ሰብስቢው! ስማችንን አጠፋችሁት።”

“ስምዎ የለበትም፣ አባባ። ራስዎን ያወቁት እርስዎ ነዎት።”

“እከስሻለሁ!”

“ይቀመጡ፤ ክስዎን እኔው ልጻፍልዎ። ‘ልጅ ሳንጠይቅ መዳራችንን ጻፈችብን’ ብዬ ልጀምር?”

ሽማግሌው በሩን አላትመው ወጡ። ተመልሰውም አልመጡም፣ አልከሰሱምም።

በጥቅምት አንዲት ልጅ ከጌጫ መጣች። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ ከግንባሯ በላይ ያልደረቀ ቁስል አለ። የወለላን ታሪክ ጓደኛዋ እንዳነበበችላት ተናገረችና “እኔም አልተስማማሁም ብዬ ወጥቼ ነው” አለች።

ማናልሞሽ ወንበር አቀረበችላትና ለክስ ማመልከቻ የሚሆን ወረቀት ጽሕፈት መኪናው ውስጥ አስገባች። “ጎሽ! በይ አሁን የጠለፈሽን ሰውዬ ስም ከነአባቱ ንገሪኝ” አለቻት።